የሮም ዜግነት ምንድን ነው? የሮም መነሳትና መውደቅ በአንድ መብት በኩል

ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ቤተ መቅደሱ አካባቢ ግርግር ተነስቷል። የሮም ወታደሮች ጳውሎስን ከሕዝቡ እጅ ነጥቀው ወደ ሰፈራቸው አስገቡት። ሻለቃው ነገሩን ለማጣራት ብዙ አልተጨነቀም። ተገርፎ ይመርመር አለ። በጠፍር ሲያስሩት ጳውሎስ አጠገቡ የቆመውን መቶ አለቃ ጠየቀው፦ ሮማዊን ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋል ወይ? ነገሩ ወዲያው ተገለበጠ። ሊገርፉት የተዘጋጁት ሰዎች ትተውት ሄዱ። ሻለቃውም ፈራ። እሱ ራሱ ዜግነቱን ያገኘው ብዙ ገንዘብ ከስክሶ ነው። ጳውሎስ ግን ሲወለድም ሮማዊ ነበር።

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጳውሎስ አይሁዳዊ ነው። የተወለደው በጠርሴስ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሮምን በዓይኑ አላያትም። ታዲያ በምን ሂሳብ ሮማዊ ሆነ?

በዜግነት ነው። ስለ ሮም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሠራዊቱ፣ መንገዱ፣ ያበዱት ነገሥታት ናቸው። እኔ ግን ሮም ለምን እንደተነሳች፣ ኋላም ለምን እንደወደቀች ለመረዳት በዚህ በር መግባት ይሻላል ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሮም ዜግነት በሕግ የታወቀ ማዕረግ ነበር። ያለው ሰው ሮም ከተማ ተገኝቶ ድምፅ መስጠት ይችላል። የሚዋዋለው ውል በሮም ዳኛ ፊት ይጸናል። ጋብቻው ሕጋዊ ነው፣ ልጆቹም ዜጎች ይሆናሉ። ሳይፈረድበት አይገረፍም። ሹሙ ቢበድለው ይግባኝ ይላል። ጳውሎስ በኋላ በሮማዊው አገረ ገዥ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ወደ ቄሳር ይግባኝ ያለው በዚሁ መብት ነው። ሲሞትም ልዩነቱ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጴጥሮስ ተሰቀለ፣ ጳውሎስ ግን በሰይፍ ተቀላ። ስቅላት የባሪያና የባዕድ ሞት ነበር፤ ለሮማዊ አይገባም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሴቶችም ዜጎች ናቸው፣ ድምፅ ግን አይሰጡም። ባሪያ ምንም መብት የለውም።

እስካሁን ያለው ብዙም አያስደንቅም። ሌሎች ከተሞችም ዜጋ ነበራቸው። ለምሳሌ አቴና በ451 ዓ.ዓ. ባወጣችው ሕግ ዜጋ የሚሆነው እናቱም አባቱም አቴናዊ የሆኑ ብቻ ነው። ስፓርታማ የባሰ ነበረች። ዜጎቿ ትውልድ በትውልድ እያነሱ ሄደው በመጨረሻ ሠራዊት የሚሆን ሰው አጣች። የሮም ልዩነቱ በሩን ሙሉ በሙሉ አለመዝጋቷ ነው። በሥርዓቱ ነጻ የወጣ የሮማዊ ባሪያ ራሱ ዜጋ ይሆናል። ልጁ ደግሞ ለሹመት ሊወዳደር ይችላል።

ይህን ያስተዋለው የሮም ጠላት ነው። የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ 5ኛ በ215 ዓ.ዓ. ገደማ ለላሪሳ ከተማ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ከተማችሁ ሰው አንሷታልና አዳዲስ ዜጎች ተቀበሉ ይላቸዋል። ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰላቸው ሮማውያንን ነው። እነሱ እኮ ባሪያን ነጻ አውጥተው ዜጋ ያደርጉታል፣ ይሾሙታልም፣ አገራቸውን ያሰፉት እንደዚህ ነው አላቸው። ጠላት ሲመሰክር ደግሞ ይታመናል።

ሮማውያንም ስለ ራሳቸው የሚያወሩት ተረት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሮሙሉስ ከተማዋን ሲቆረቁር ሰው አጣ፤ ስለዚህ ወንጀለኛም ይሁን የጠፋ ባሪያ የሚጠለልበት ቦታ ከፍቶ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ ይላሉ። ዘሩን እየቆጠረ የሚኮራ ሕዝብ «አባቶቻችን ከየትም የተሰባሰቡ ሽፍቶች ነበሩ» ሲል ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ዋናው እርምጃ የመጣው በ338 ዓ.ዓ. ነው። ሮም ጎረቤቶቿን የላቲን ከተሞች አሸነፈች። ሁሉንም ባንድ ሚዛን አልዳኘቻቸውም። ለአንዳንዶቹ ሙሉ ዜግነት ሰጠች። ለአንዳንዶቹ ድምፅ የሌለበት ዜግነት ሰጠች። ሌሎቹን አጋር ብላ ተወቻቸው። ከአጋሮቹ የምትፈልገው ግብር አይደለም፣ ወታደር ነው። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ጥበብ። የተሸነፈች ከተማ ሁሉ ለቀጣዩ ጦርነት ወታደር ታዋጣለች። ቀጣዩ ጦርነት ደግሞ ሌላ ከተማ ያመጣል።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ መጀመሪያ የቀመሰው ግሪካዊው ንጉሥ ፒሩስ ነው። በ280 እና በ279 ዓ.ዓ. ሁለት ጊዜ ሮምን አሸነፈ። ግን የእሱ ምርጥ ወታደሮች ሲያልቁ የሚተካቸው አልነበረም፣ ሮም ደግሞ አዲስ ሠራዊት ይዛ ትመጣለች። ከዚያ በዛሬዋ ቱኒዚያ የነበረችው የካርቴጅ ከተማ የጦር አዛዥ ሃኒባል መጣ። በ216 ዓ.ዓ. ካኔ ላይ የሮምን ሠራዊት ከብቦ ፈጀው። የጥንት ጸሐፊዎች በዚያ አንድ ቀን የሞተውን ከ45,000 በላይ ያደርሱታል። የትኛውም ሌላ ከተማ ቢሆን እጅ ይሰጥ ነበር። የሃኒባል ስሌት የሮም አጋሮች አንድ በአንድ ከድተው ወደሱ ይመጣሉ የሚል ነበር። ካፑዋና ሌሎች የደቡብ ከተሞች ከዱ። የላቲን ከተሞች ግን አልነቃነቅም አሉ። ሃኒባል ከ10 ዓመት በላይ ጣሊያን ውስጥ ተንከራትቶ ተመለሰ፣ በ202 ዓ.ዓ. አገሩ ላይ ዛማ በተባለ ቦታ ተሸነፈ።

ይህን ስል ሮም ደግ ነበረች ማለቴ አይደለም። በ146 ዓ.ዓ. ካርቴጅንና ቆሮንቶስን ባንድ ዓመት አውድማለች። በ71 ዓ.ዓ. የስፓርታከስ አመፅ ሲደመሰስ 6,000 ምርኮኛ ባሮች በአፒያ መንገድ ዳር ተሰቅለዋል። ዜግነትም ቢሆን ሳይጨቃጨቁ የሰጡት ነገር አይደለም። የጣሊያን አጋሮች ለሮም ሲሞቱ ኖረው መብቱን ሲጠይቁ ፊት ተነሱ። የእነሱን ጥያቄ የያዘው ሮማዊ ፖለቲከኛ ድሩሰስ በ91 ዓ.ዓ. ተገደለ። ነገሩ ከረረና ጦርነት ሆነ። አመፀኞቹ የራሳቸውን ዋና ከተማ ሰየሙ። ባወጡት ገንዘብ ላይ የጣሊያን በሬ የሮምን ተኩላ በቀንዱ ሲወጋ ይታያል። ሮም ጦርነቱን በሠራዊት ብቻ አልጨረሰችውም። በ90 ዓ.ዓ. ሕግ አውጥታ የተከለከለውን ዜግነት ሰጠች። ቀድማ ብትሰጥ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዜግነቱ ከጣሊያን ውጭ መሰራጨት ጀመረ። ዋናው መንገድ ውትድርና ነበር። ዜጋ ያልሆነ ሰው በረዳት ጦር ውስጥ 25 ዓመት ካገለገለ ዜግነት ያገኛል። ማስረጃው ስሙ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ነው። ዛሬ ግሪን ካርዱን በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ ያም ወታደር ሰሌዳውን ይዞ ወደ መንደሩ ይገባል። እነዚህ ሰሌዳዎች በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ተገኝተዋል።

በ48 ዓ.ም. ደግሞ ከጎል፣ ማለትም ከዛሬዋ ፈረንሳይ የመጡ ባላባቶች ሴናተር እንሁን ብለው ጠየቁ። የሮም ሴናተሮች አጉረመረሙ። አያቶቻቸው የወጉን ሰዎች ናቸው አሉ። ንጉሡ ቀላውዴዎስ ተነስቶ ተከራከረላቸው። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደጻፈው፣ አቴናና ስፓርታ በጦር እንዲያ በርትተው የወደቁት ያሸነፉትን ሕዝብ እንደ ባዕድ ስላራቁት ነው አለ። የንግግሩ ቃል የተቀረጸበት ነሐስ በ1528 ሊዮን ከተማ ተገኝቷል። እንደ እኔ ከሆነ ስለ ሮም ከሮማዊ አፍ የወጣ የዚህን ያህል ትክክለኛ ትንታኔ የለም።

ውጤቱ ለመታየት ብዙም አልቆየም። በ98 የነገሠው ትራጃን ስፔን የተወለደ ነው። በ193 የነገሠው ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የሊቢያ ሰው ነው። ሮም 1,000ኛ ዓመቷን በ248 ስታከብር ድግሱን የመራው ንጉሥ ሶርያ ውስጥ የተወለደው ፊልጶስ ዐረቡ ነው።

በመሃል ግን በ212 አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል። የሴቬረስ ልጅ ካራካላ በግዛቱ ውስጥ ያለ ነጻ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ሮማዊ ነው ብሎ አወጀ። ከብሪታንያ እስከ ግብፅ ያለው ገበሬ ሁሉ ባንድ አዋጅ ዜጋ ሆነ። አብዛኞቹ አዳዲስ ዜጎች የንጉሡን የቤተሰብ ስም ስለወሰዱ ከዚያ ወዲህ የግብፅ ፓፒረሶች አውሬሊየስ በሚለው ስም ተሞልተዋል። በዘመኑ የነበረው ሴናተር ካሲየስ ዲዮ ግን አልተደነቀም። ለገንዘብ ነው ይላል። የውርስ ግብር የሚከፍሉት ዜጎች ብቻ ነበሩ፤ ካራካላ ደግሞ ግብሩን ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳድጎታል። ዲዮ ካራካላን አይወደውም ነበርና ሁሉን ማመን አያስፈልግም። ግን ሂሳቡ ያስኬዳል።

ችግሩ ዜግነቱ ለሁሉ ሲደርስ ውስጡ ባዶ እየሆነ መምጣቱ ነው። ድምፅ መስጠት ከጠፋ ቆይቷል። ሕጉም ሰውን በሁለት መክፈል ጀምሯል። «የተከበሩ» የሚባሉት ሀብታሞችና ሹማምንት ከግርፋት ነጻ ናቸው። «ዝቅተኞቹ» ዜጋ ቢሆኑም ይገረፋሉ። ጳውሎስ የተናገራትን ያቺን አንድ ጥያቄ በ250 አንድ ድሃ ገበሬ ቢናገራት ማንም አይደነግጥለትም።

ከ235 እስከ 284 ግዛቱ ሊበታተን ደረሰ። ከ20 በላይ ነገሥታት ተፈራረቁ፣ አብዛኞቹም ተገደሉ። ወረርሽኝ ገባ። ብር ይባል የነበረው ገንዘብ ብር የተቀባ መዳብ ሆነ። ንጉሡ ቫሌሪያን በ260 በፋርስ ተማረከ። ያዳነው ዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ እኛ በዘመነ ሰማዕታት የምናውቀው አሳዳጅ ማለት ነው። ሠራዊቱንና ግብር ሰብሳቢውን አጠናከረ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በቆስጠንጢኖስ ዘመን በ332 የወጣ ሕግ ከመሬቱ የጠፋ ጭሰኛ እንዲመለስ ያዛል፤ ለመጥፋት የሚያስበውንም በሰንሰለት ማሰር ይፈቅዳል። በስም ሮማዊ ዜጋ፣ በተግባር ግን ከመሬቱ መነቃነቅ የማይችል።

አሁን 376 ላይ እንድረስ። ጎቶች የሚባሉ የጀርመን ነገዶች ከምሥራቅ ከመጡት ፈረሰኞች ከሁኖች ሸሽተው ዳኑብ ወንዝ ዳር ደረሱ። አስጠጉን፣ መሬት ስጡን፣ እንዋጋላችኋለን አሉ። ሮም ለዘመናት ስታደርገው የኖረችው ነገር ነው። ንጉሡ ቫሌንስም እሺ አለ። ሹማምንቱ ግን ስደተኞቹን መበዝበሪያ አደረጓቸው። በረሃብ ጊዜ የውሻ ሥጋ እየሰጡ ልጆቻቸውን በባርነት ወሰዱባቸው፤ ይህን የጻፈው ሮማዊው ወታደር አሚያኑስ ነው። ጎቶች አመፁ። በ378 አድሪያኖፕል ላይ ከሮም ሠራዊት ሁለት ሦስተኛው አለቀ። የቫሌንስ ሬሳ እንኳ አልተገኘም።

በ382 ዕርቅ ሆነ፤ ለእኔ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። ጎቶች በግዛቱ ውስጥ ሰፈሩ፣ ግን እንደ ድሮው ተበታትነው በሮማዊ አዛዥ ሥር አልገቡም። አንድ ላይ ሆነው፣ በራሳቸው አለቆች እየተመሩ፣ በውል የሚዋጉ አጋሮች ሆኑ። ሮማዊ የሚያደርጋቸው መንገድ አልተዘረጋም። ንጉሡ ቴዎዶስዮስ በ395 ሲሞት ግዛቱን ለሁለት ልጆቹ፣ ምሥራቁን ለአርቃዴዎስ፣ ምዕራቡን ለአኖሬዎስ ተወ። አርቃዴዎስን ከዮሐንስ አፈወርቅ ስደት ታሪክ እናውቀዋለን። የአኖሬዎስ ቤተ መንግሥት በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሮም ከተማ ውስጥ ሱሪ መልበስን በሕግ ከለከለ። ሱሪ የአረመኔ ልብስ ነው ተብሎ! ሠራዊቱ ግማሹ ሱሪ ለባሽ ሆኖ ሳለ።

ምዕራቡን የሚጠብቀው የጦር አዛዥ ስቲሊኮ አባቱ ቫንዳል ከሚባል ሌላ የጀርመን ነገድ ነበር። በ408 ተጠርጥሮ ተገደለ። ወዲያው ለሮም የሚያገለግሉ የባዕድ ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች በየከተማው ታረዱ። ባሎቹም ተጠቃለው ወደ ጎቱ መሪ ወደ አላሪክ ገቡ። አላሪክ የሚፈልገው ሮምን ማጥፋት አልነበረም። ሹመት፣ መሬትና እህል ነበር። ደጋግሞ ጠየቀ፣ ደጋግሞ ተከለከለ። በ410 ከተማዋን ዘረፋት።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቫንዳሎች በ439 ካርቴጅን ያዙ። የምዕራቡ ትልቁ የግብርና የእህል ምንጭ ሄደ። ግብር ከሌለ ወታደር የለም። በ468 መልሶ ለመያዝ የተላከው የመርከብ ጦር ተቃጠለ። በ476 የጦር አዛዡ ኦዶአከር ትንሹን ንጉሥ ሮሙሉስን አወረደው። አልገደለውም፣ ጡረታ ሰጥቶ አሰናበተው። የንግሥናውን ዕቃም ወደ ቁስጥንጥንያ ላከ። ለምዕራቡ የተለየ ንጉሥ አያስፈልግም የሚል መልእክት ነበረው።

ሁሉን በዜግነት ብቻ ማብራራት አይቻልም። ሁኖች ባይመጡ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ባይበዛ፣ አፍሪካ ባትያዝ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ምሥራቁም ያው አንድ ሕግ፣ ያው ዜግነት ይዞ ነው የተረፈው። እሱ ግን ያኔ የግብፅና የሶርያ ግብር አልተቋረጠበትም። ዋና ከተማውም በቀላሉ የማይደፈር ቅጥር ነበራት። ደግሞም ሕዝቡ ራሱን ሮማዊ ማለት አላቆመም። ክብረ ነገሥት ዓለምን ከኢትዮጵያው ንጉሥ ጋር የሚያካፍለው «ንጉሠ ሮም» የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ነው። ቱርኮች በ1453 ከተማዋን ሲይዙ የወደቀው የመጨረሻ ንጉሥም በሮማውያን ንጉሥነት ነው የሞተው። አሸናፊው ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ደግሞ ለራሱ ከወሰዳቸው ማዕረጎች አንዱ «የሮም ቄሳር» የሚል ነበር።