«300 ዲፒአይ ይሁን» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ፎቶ ለማሳተም ስንሄድ «300 ዲፒአይ ይሁን» እንባላለን። ብዙ ሰው ፎቶሾፕ ከፍቶ 72 የሚለውን አጥፍቶ 300 ይጽፋል። ጥራቱ የጨመረ ይመስለዋል። አልጨመረም።

የፎቶው ሀብት ፒክስሉ፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ናቸው። 300 የሚለው ቁጥር የሚነግረን ፒክስሎቹ በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ ስንት ሆነው እንደሚሰፍሩ ብቻ ነው። (ትክክለኛ ስሙ ፒፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች ያለው የፒክስል ብዛት ነው፤ ዲፒአይ ማተሚያው በአንድ ኢንች የሚያሳርፈው የቀለም ነጠብጣብ ብዛት ነው። በአነጋገር ግን ሁለቱም ዲፒአይ ይባላሉ።)

ስለዚህ ማካፈል ይበቃል። 3000 በ2400 ፒክስል የሆነ ፎቶ ለ300 ሲካፈል 10 በ8 ኢንች ይሆናል። ያንኑ ፎቶ 30 በ24 ኢንች አድርገን ካሳተምነው ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 100 ፒክስል ብቻ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው የሙሽሪት ሽፋሽፍት ይደበዝዛል። ከሩቅ ለሚታይ የግድግዳ ፎቶ ግን ምንም አይል።

አደራ፣ ፎቶሾፕ ላይ ቁጥሩን ስትቀይሩ «ሪሳምፕል» (Resample) የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱት። ካልተነሳ ፕሮግራሙ የሌለ ፒክስል ከራሱ ገምቶ ይሞላል።

በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፤ ያኔ 300 ብሎ መጻፍ አያድነውም።