ሜጋው የት ይሄዳል? የዳታ አጠቃቀም በዕድሜ

ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በሞባይል ነው። ቤቱ ዋይፋይ ያስገባ ጥቂት ነው። የቀረው በኢትዮ ቴሌኮም *999# ወይም በቴሌብር የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ጥቅል እየገዛ ሜጋ ይቆጥራል። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮም አማራጭ ሆኖ መጥቷል።

ጽሑፍ ዳታ አይበላም ማለት ይቻላል። በዋትስአፕ ወይም በኢሞ በድምፅ ብቻ ማውራትም ብዙ አይጨርስም። ጉዱ ያለው ቪዲዮ ላይ ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ይፈጃል፤ ጥራቱ ከፍ ሲል ደግሞ ሁለት ሦስት ጊጋ ይገባል።

ወጣቱ ቲክቶክ ላይ ያመሻል። ቲክቶክ ገና ያልታየውን ቪዲዮ ቀድሞ ስለሚያወርድ ሜጋው ሳይታወቅ ያልቃል። ግን ብልሃቱም ያለው እዚያው ወጣቱ ጋ ነው። የዩቲዩብን ጥራት ዝቅ አድርጎ 144 ላይ ያደርጋል፣ ቴሌግራም ፋይል በራሱ እንዳያወርድ ይዘጋል፣ ትልቅ ፋይል ለሌሊት ጥቅል ያቆያል። ፊልም ከጓደኛው በዜንደር፣ ማለትም ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ፋይል በሚያስተላልፍ መተግበሪያ፣ ሲቀበል ደግሞ ዳታ ጭራሽ አያወጣም።

ሥራ ላይ ያለው ጎልማሳ በብዛት የሚጠቀመው የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ፣ የባንክ መተግበሪያና ቴሌብር ነው። እነዚህ ቀላል ናቸው። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ ዕቃ የሚሸጠው ግን ሌላ ሂሳብ ነው።

እንደኔ ዳታ በከንቱ የሚፈስባቸው አዛውንቶቹ ናቸው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ካለች ልጃቸው ጋር በኢሞ ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ፤ ይሄ ይገባል፣ ብሩም አያስቆጭም። ማታ ግን ስብከት ወይም መዝሙር ከፍተው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ዩቲዩብ ደግሞ ቀጣዩን ራሱ እየከፈተ ይቀጥላል። ጠዋት «ካርዴን በሉኝ» ይላሉ። ማን በላው? በ*804# ቀሪውን ማየት የለመዱት ጥቂቶች ናቸው።

ሕፃናት ሲም ካርድ የላቸውም፣ የእናታቸው ስልክ ግን አላቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ዩቲዩብ ከፍተው ካርቱን ያገኛሉ። ዳታቸው የሚመዘገበው በእናት ስም ስለሆነ፣ እናት ከምታየው በላይ ተጠቃሚ መስላ ትታያለች። በስልክ ቁጥር ብቻ የተሠራ የዕድሜ ስሌት ይህን አይለይም። አንድ ስልክ ሦስት ሰው በሚፈራረቅበት ቤትማ ጭራሽ አይሆንም።