ዝም ያለው ኮሜንታተር አልተኛም፤ ስለ ፈረስ ስፖርት የቴሌቪዥን ዘገባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሰላሌ በሚወስደው መንገድ ሱሉልታ ላይ ፈረስ ግልቢያ ማስተማር ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆኖኛል። እሁድ እሁድ ከትምህርቱ በኋላ ተማሪዎቼ ከወላጆቻቸው ጋር ሻይ እየጠጡ ያርፋሉ፤ በዲኤስቲቪ የሚተላለፍ የፈረስ ውድድር ከተገኘም አብረን እንመለከታለን። ስለ ፈረሱና ስለ ፈረሰኛው የሚነሳውን ጥያቄ ሁሉ በደስታ እመልሳለሁ። ስለ ኮሜንታተሩ የሚሰጠው ፍርድ ግን ሰው ሲለወጥ እሱ ሳይለወጥ ዓመት ከዓመት ይደጋገማል። ለእያንዳንዱ ሰው በየእሁዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

«ዝም የሚል ኮሜንታተር ወይ አያውቅም፣ ወይ ሰንፏል።» ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ፈረሱ ወደ ሜዳው ገብቶ ደወል ከተደወለ በኋላ የተናጋሪው ድምጽ ሲጠፋ «ይሄ ሰውዬ ተኛ እንዴ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች በዚያች ቅጽበት ሜዳው ላይ ምን እየተሠራ እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ ኮሜንታተሩ እንዳይናገር ራሳቸው ይለምኑት ነበር።

በትልልቅ የመሰናክል ዝላይ ውድድሮች ከ12 እስከ 14 የሚደርሱ መሰናክሎች ይተከላሉ፤ ቁመታቸው እስከ 1.60 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ፈረሱም ይህን ሁሉ ጨርሶ የሚወጣው በአብዛኛው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው። በደንገላሳ፣ ማለትም ከሶምሶማ ፈጠን ከሽምጥ ቀዝቀዝ ባለ ሩጫ፣ የሚሄድ የውድድር ፈረስ አንድ እርምጃ ወደ 3.65 ሜትር ይጠጋል። በሁለት መሰናክሎች መካከል አምስት እርምጃ ይኑር ብንል፣ ማረፊያውና መነሻው ተጨምሮ ርቀቱ 22 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ፈረሱ በደቂቃ 400 ሜትር ቢሄድ ይህን ርቀት የሚጨርሰው በሦስት ሰከንድ ከጥቂት ነው። በእነዚህ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ፈረሰኛው ያረፈበትን ቦታ ይመዝናል፣ እርምጃውን ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፣ ለሚቀጥለው መሰናክል መነሻውን ይመርጣል። ኮሜንታተሩ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ጊዜም ይኸው ሦስት ሰከንድ ስለሆነ፣ ንግግሩን ሲፈጽም ፈረሱ ዘሎ አልፏል፤ ተመልካቹም ማየት የነበረበትን ነገር በሰው ድምጽ ተሸፍኖበት ቀርቷል።

ደግሞም የሚታየው ብቻ አይደለም፤ የሚሰማም አለ። በየመሰናክሉ አጠገብ ማይክሮፎን የሚቀመጠው በከንቱ አይደለም። ደንገላሳ ሦስት ምት አለው፤ ከሦስቱ ምት በኋላም አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሱበት አጭር ጸጥታ አለ። ፈረሱ ሲቸኩል ይህች ጸጥታ ታጥራለች፤ ልጓም በዝቶበት ሲታፈን ደግሞ ምቱ እየተቆራረጠ ይመጣል። አግዳሚው እንጨት በሰኮና ተነክቶ ሲያንኳኳ ሳይወድቅ ከቀረ ቅጣት የለውም፤ ከወደቀ ግን አራት የቅጣት ነጥብ ያስከትላል። ይህን ልዩነት ከዓይን ቀድሞ ጆሮ ይሰማዋል። ጥሩ ኮሜንታተር ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን አስቀድሞ ይሠራል፤ ፈረሱ ከመነሳቱ በፊት «ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ያለውን ርቀት ተመልከቱ፤ አንዳንዶች በአምስት፣ አንዳንዶች በስድስት እርምጃ እየመጡ ነው» ብሎ ይነግረንና ዝም ይላል። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚደገመውን ምስል እያሳየ የወደቀው እንጨት ለምን እንደወደቀ ያስረዳል። በመካከል ያለው ዝምታ የሁለቱ ንግግሮች አካል ነው።

የአንዲት የ13 ዓመት ተማሪዬ አባት የሂሳብ ባለሙያ ናቸው፤ ጠንቃቃና በነገር የማይቸኩሉ ሰው። አንድ እሁድ አብረውን ተቀምጠው ሲመለከቱ «ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ዝም ለማለት ነው ደመወዝ የሚከፈለው?» አሉኝ። ያንኑ ውድድር ቀድቼው ስለነበር ወደ ኋላ መልሼ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የኮቴውን ድምጽ ብቻ እንዲያዳምጡና ነገሩ የተበላሸ ሲመስላቸው እጃቸውን እንዲያነሱ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ያነሱት እንጨቱ ከመውደቁ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ነው። በሕይወታቸው ፈረስ ላይ ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኮሜንታተሩ በዚያች ቦታ ላይ ቢናገር ኖሮ ይህን ሊሰሙት አይችሉም ነበር።

ሌላም የዝምታ ዓይነት አለ፤ ስለ እሱ የሚነገረው ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል። በአገር አቋራጭ ውድድር ፈረስ ከነፈረሰኛው ሲወድቅ ካሜራው ወደ ሌላ ተወዳዳሪ ይዞራል፤ ኮሜንታተሩም ጥቂት ቃል ብቻ ተናግሮ ያልፋል። «እየደበቁን ነው» ይባላል። እዚያ የወደቀው ሰው እናት አለው፣ ሚስት አለው፤ እነርሱም ቴሌቪዥን ከፍተው ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያየው «ተጎድቷል» ወይም «ምንም አልሆነም» ብሎ መናገር ለማንም ያልተሰጠ ሥልጣን ነው።

ይህን ስል ዝምታን ሁሉ አላወድስም። ፈረሰኛው ጨርሶ ሲወጣ የቅጣት ነጥቡን፣ ሰዓቱንና ደረጃውን የማይነግር ኮሜንታተር ቢወቀስ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ቅሬታ ያላቸው ሰዎች እውነት አላቸው።

«እንደ እግር ኳስ ካልጮኸ ስሜት የለውም።» ይህን የሚሉትን ምክንያታቸውን እረዳለሁ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በፍጹም ቅጣት ምት ስታነሳ የደምሴ ዳምጤን ድምጽ የሰማ ሰው፣ ስፖርት ማለት እንዲህ ያለ ድምጽ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ከዚያም አልፎ የእኛ ፈረሰኛ በጥምቀት ማግስት ጉግስ ሲገጥም በፉከራና በእልልታ ታጅቦ ነው። ነገር ግን በጉግስ ፈረሰኞች በቡድን ተከፍለው ይሳደዳሉ፣ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል፤ ጩኸቱ የጨዋታው ክፍል ነው። በመሰናክል ዝላይና በድሬሳዥ (ፈረሱ የተማረውን እንቅስቃሴ በዳኞች ፊት በሚያሳይበት ውድድር) ግን ተወዳዳሪው ብቻውን ይገባል፤ በሜዳው ዙሪያ የተቀመጠው ሕዝብም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የራዲዮ ሰሚ ዓይን ስለሌለው ተናጋሪው ሁሉን ሊነግረው ይገባ ነበር፤ በቴሌቪዥን ግን የምናየውን መልሶ የሚነግረን ሰው አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ያላስተዋልነውን የሚያመለክተን ነው።

«ቀስ ብሎ የሚናገረው ፈረሱ እንዳይደነግጥበት ነው።» አይደለም። ኮሜንታተሩ በዝግ ክፍል ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውድድሩ በሚካሄድበት አገር እንኳ የለም።

«ከሰውየው ይልቅ ስለ ፈረሱ ያወራል።» ይህን ከውጭ ሰው ብሰማው አይገርመኝም ነበር፤ የሚገርመኝ ከኢትዮጵያዊ መስማቴ ነው። አጼ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አጼ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ብሎ በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ፣ የፈረሱ ስም ከፈረሰኛው ስም ጋር አብሮ ሲጠራ ሊከፋው አይገባም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት የሚጠቅሱልኝም አሉ። ተረቱ የተተረተው ለጦር ሜዳ ነው፤ እዚህ ውድድር ላይ ግን ፈረሱም ይዋጋል። ኮሜንታተሩ የፈረሱን ዕድሜ፣ የአባቱን ዘር፣ ባለፈው ውድድር ውሃ ያለበትን መሰናክል ፈርቶ እንደነበረ የሚነግረን ጊዜ ለመሙላት አይደለም፤ ያን ፈረስ ወደ ውሃው ሲቀርብ ጆሮውን እንድንመለከት ነው። ጆሮው ወደ ፊት ከቀና ይዘላል፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት ከዋለለ ፈረሰኛው ሥራ ይጠብቀዋል።

«የፈረሰኛውን ዕድሜ ተሳስቶ ነው የተናገረው።» አልተሳሳተም። እንግሊዛዊው ኒክ ስኬልተን እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ በመሰናክል ዝላይ ወርቅ ሲያገኝ 58 ዓመቱ ነበር፤ ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ በ2012 ለንደን ላይ በድሬሳዥ ሲወዳደር 71 ዓመት ሞልቶት ነበር። ወንድና ሴት በአንድ ዝርዝር ሲጠሩ «ተደባለቀበት» የሚሉም አሉ፤ በኦሊምፒክ የፈረስ ውድድር ወንድና ሴት ተለይተው አይወዳደሩም። ሴቶች በድሬሳዥ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ የነበረችው ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል የብር ሜዳሊያ ወስዳለች።

«ድሬሳዥ የፈረስ ጭፈራ ነው፤ ኮሜንታተሩ የሚያካብደው ዝም ብሎ ነው።» እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወቅት ራፐሩ ስኑፕ ዶግና ኮሜዲያኑ ኬቨን ሃርት በአንድ የድሬሳዥ ምስል ላይ እየሳቁ ያወሩት ቪዲዮ በዓለም ሲዞር ብዙ ተማሪዎቼ በስልካቸው አሳዩኝ፤ «እንዲህ ቢሆን ሁሉም ያይ ነበር» አሉኝ። ሰዎች ስቀው ወደ ስፖርቱ ቢቀርቡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከዚያ ቪዲዮ በኋላ አንዱም ተማሪ ምን መመልከት እንዳለበት አልተማረም። በሙዚቃ የሚቀርበው ክፍል ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1996 አትላንታ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ሙዚቃው ለፈረሱ ምት ተመርጦ ይዘጋጃል እንጂ ፈረሱ ሙዚቃ ሰምቶ አይጨፍርም። በ20 በ60 ሜትር ሜዳ ውስጥ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። በኦሊምፒክ ሰባት ዳኞች በሜዳው ዙሪያ በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ከፊት ያለው ፈረሱ ቀጥ ብሎ መሄዱን፣ ከጎን ያለው የእርምጃውን ርዝመት አጥርቶ ያያል። ስለዚህ ነጥባቸው ሲለያይ ሌብነት አይደለም፤ ኮሜንታተሩ የሰጠው አስተያየት ከዳኞቹ ሲለይም እሱ አላዋቂ መሆኑን አያሳይም፤ እሱ ያየው ካሜራው ያሳየውን አንድ ጎን ነው።

«የጋለበ ሰው ብቻ ነው መናገር ያለበት።» ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ከአሜሪካ ቡድን ጋር በመሰናክል ዝላይ ወርቅ ያገኘችው ሜላኒ ስሚዝ ቴይለር በኋላ በአገሯ ቴሌቪዥን ስትናገር፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ትነግረን ነበር። ነገር ግን ውድድሩን የሚመራው ድምጽና የሚተነትነው ድምጽ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ስለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው የሚቀመጠው። በሜዳችን ባዘጋጀነው ትንሽ ውድድር እኔው ማይክ ይዤ ሞክሬ ነበር፤ ከሦስተኛው መሰናክል በኋላ የልጁን አቀማመጥ እያረምኩ ነጥቡን መቁጠር ትቼ ተገኘሁ። መጋለብ ማወቅ መናገር ማወቅ አይደለም።

የቀረው «በአማርኛ አይሆንም፤ ቃል የለውም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብቻ ሰምተው የለመዱ ወጣቶች ናቸው፤ ቁጣዬም በእነርሱ ላይ ሳይሆን ቃሉን ባላስተማርናቸው በእኛ ላይ ነው። ለፈረስ አካሄድ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ አለን። ለዕቃው ኮርቻ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ግላስ አለን። ለመልኩ አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቦራ አለን። ፈረስ የሚያስተዳድረውን ሰው በቤተ መንግሥት ባልደራስ ይሉት ነበር። የጎደለን ጥቂት ነው፤ ድሬሳዥ የሚለውን ስም እንዳለ ብንወስደው ኳስ ተመልካች «ኦፍሳይድ» ሲል ከሚሰማው የበለጠ ጆሮ አያደማም።

ባለፈው ጥር ባደረግነው ውድድር ማይኩን የያዘችው ከላይ የጠቀስኳቸው አባት ልጅ ናት። እያንዳንዱ ልጅ ከመግባቱ በፊት «አሁን የምትገባው ዳማ ናት፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው አራት እርምጃ ነው፤ ደንገላሳዋን ስሙ» ትልና ማይኩን ዝቅ ታደርገዋለች። ከሜዳው ዳር ከየመንደሩ የመጡ የሰላሌ ፈረሰኞች በአጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ አንድም ሰው «ተኛች እንዴ?» አላለም። አራተኛው እርምጃ ላይ ሁሉም አብረው ሲቆጥሩ ይሰማ ነበር።