ስለ ቀለሟ አትጠይቁኝ፦ የድሮ ኤምጂቢ ስለማደስ የሚወሩ ስህተቶች

እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ቤቴ ጋራዥ ውስጥ የምንታገላት መኪና ኤምጂቢ ናት፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የሰሯት ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና። ፎቶዋን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ምን ቀለም ልትቀባት ነው?» ብሎ ነው። ሰለቸኝ በእውነት።

ቀለሟ ካማረ መኪናዋ ደህና ናት የሚለው ነገር የስንቱን ገንዘብ በላ መሰላችሁ። ይቺ መኪና እንደ ፒካፕ ለብቻው ሻንሲ የላትም፣ ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲዋ፣ ክፍት መኪና ስለሆነች ደግሞ ጣራ አያግዛትም፣ ስለዚህ መሃሏን በዋናነት የያዘው ከበሩ ስር በግራም በቀኝም የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው፣ በእንግሊዝኛ «ሲል» (sill) ነው የሚሉት። እሱ ደግሞ የሚበላው ከውስጥ ነው። ከፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው ጀርባ ይጠራቀማል፣ እርጥበቱ እዛው ይቀራል፣ ዝገቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ላዩ ላይ ስቱኮ ተለጥፎ ተቀብቶ ያብለጨልጫል፣ ውስጡን ለቄስ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ስር አስጠጋው፣ ካልያዘ ስቱኮ ነው። ከዛ ክሪክ አስገብተህ አንሳትና የበሩን ክፍተት እይ፣ ከተለወጠ ወይ በሩ አልዘጋም ካለ መኪናዋ መሃሏ ላይ እየታጠፈች ነው። አንድ ቨርጂኒያ ያለ ወዳጃችን አሪፍ ቀይ አስቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ጠራን፣ ካቻቢቴ ከበሩ ስር ገፋ ስናደርገው ዘው ብሎ ገባ! ይሄ «ሲል» የሚባለው ሳጥን የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ ስር ስለሚገባ፣ እሱን ለመቀየር የፊቱን ቡሎን መፍታት የኋላውን ታች መቁረጥ ግድ ነው፣ ቀለሙ አበቃለት ማለት ነው። «ከላዩ ላሜራ ደርበህ በይደው» የሚል መካኒክ ካለ ሸኘው፣ የበሰበሰው የውስጠኛው ላሜራ ነው እኮ! ከመቁረጥህ በፊት በበሩ ክፍተት ላይ ብረት በይደህ አግድ፣ ሁለቱን ጎን ባንዴ እንዳትነካ፣ አዲሱን ነጥብ ነጥብ አድርገህ ያዝና በሩን መልሰህ ግጠመው፣ በደንብ ከዘጋ ብቻ ጨርሰው። ሳታግድ የቆረጥክ እንደሆነ በሩ ከዛ በኋላ አይገጥምልህም።

ሌላው ሉካስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሰራላት ኤሌክትሪክ አይረባም የሚባለው። አብዛኛው ጣጣ የዛገ ማያያዣና ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ገመድ ነው፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው በቃ። ብቻ እስከ 1967 የተሰሩት ላይ ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይሆን ፖዘቲቩ ነው፣ ሳታይ ባትሪ እንዳትቀይር።

መለዋወጫ አይገኝም? ሙሉ ቦዲዋን ሳይቀር እንግሊዝ አገር በ1988 እንደ አዲስ ማምረት ጀምረዋል።

ኤስዩ የሚባሉትን የራሷን ሁለት ካርቡሬተሮች አውጥተህ ዌበር የሚባለውን ሌላ ዓይነት ግጠም የሚሉም አሉ። መጀመሪያ ያሉትን አስተካክላቸው። ቀጭን ጎማ ቱቦ ውሰድ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ ሌላውን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርግ፣ የሁለቱ ፉጨት እኩል እስኪሆን አስተካክል። ላዩ ላይ ያለችውን ክዳን ፈተህ ዘይት ጨምርባት፣ እሷ ከደረቀች ቤንዚን ስትረግጥ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ሰው ግን ካርቡሬተሩ ሞተ ይላል።

አድሶ ሸጦ ማትረፍ? ሳቄ መጣ።

ጓደኛ ከበዛ ስራው ይፈጥናል የሚባለውም እንደዛው። ሁሉም እየመጣ የፈለገውን ይፈታና ቡሎኑን ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ከዛ የትኛው የምን እንደሆነ ማን ይወቅ። እኛ ጋ የፈታው ሰው ራሱ ፎቶ ያነሳል፣ በፌስታል አስሮ ይጽፍበታል፣ የሚገጥመውም እሱ ነው። ብየዳ የሚችለው ልጅ ደግሞ ሲመጣ የቤንዚን ታንከሩ ወርዶ ከወንበር ጀርባ ያለው ባትሪ ተፈትቶ ይጠብቀው፣ «ምንም አይሆንም» የሚል ካለ ቤቱ ይሂድ።