«ክፍያውን ትተንላቸው እንኳ አልመጡም»

አውሮፓ ውስጥ የአጥቢ እንስሳት ሥነ ተዋልዶ ኮንፈረንስ ሲዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። «ዘንድሮ ሁሉን አካታች እናድርገው» ይባላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ያው የማይሞት ወሬ ይጀመራል።

«በእኛ ዘርፍ ሴት ሞልቷል።» ሞልቷል፤ ስማቸውስ? ከማሕፀን ውጭ ተፀንሳ የተወለደችው የዓለም የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን በ1978 እ.ኤ.አ. ስትወለድ ከጀርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሳይንቲስቱ ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ስቴፕቶና ሴቷ ጂን ፐርዲ። በተወለደችበት የእንግሊዝ ከተማ ኦልድሃም ላይ የተሰቀለው የመታሰቢያ ሰሌዳ ግን ኤድዋርድስንና ስቴፕቶን ብቻ ጠራ። ኤድዋርድስ ራሱ «የጂን ፐርዲም ስም ይግባ» ብሎ ጽፎ ነበር። የገባው በ2015 እ.ኤ.አ. ሌላ ሰሌዳ ሲሰቀል ነው።

«ስብጥር ካልን ጥራት ይወርዳል።» ላምና አይጥ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንቁላል ይለቃሉ። ግመል ግን ከወንድ ካልተገናኘች አትለቅም፤ ምልክቱም የወንዱ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ግመል የሚያውቅ ሰው ሳይጋበዝ ስለ እንቁላል መለቀቅ ቀኑን ሙሉ ማውራት ነው ጥራት?

«የጡት ማጥቢያ ክፍል አለን።» በሩ ይቆለፋል? ፍሪጅ አለው? ካልሆነ መጋዘን ነው። ያውም የአጥቢዎች ጉባኤ!

አሁን ወደ ዋናዋ። «ለአፍሪካውያን ተመራማሪዎች የመመዝገቢያውን ክፍያ ትተንላቸው እንኳ አልመጡም፤ ስላልፈለጉ ነው።» ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የመመዝገቢያው ክፍያ ትንሹ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በወሰነው መሠረት የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ መደበኛ የማጣሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ሄዷል። እናንተ የግብዣ ደብዳቤ የምትልኩት ጉባኤው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ቀጠሮ ማግኘቱስ?

ቢሾፍቱ ያለች አንዲት የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲላት የአባቷን ስም ሞላች። ፓስፖርቷ ላይ የአያቷም አለ። ደብዳቤውና ፓስፖርቱ አልገጠሙም። አዘጋጆቹ አስተካክለው እስኪልኩ ቀጠሮዋ አለፈ። በዝርዝራቸው ላይ «አልተገኘችም» ተብላ ተጻፈች።

ሌላው በሽታ «ከራስህ አውጣ፤ ኋላ እናወራርዳለን» ነው። በብር ደመወዝ የሚኖር የዶክትሬት ተማሪ የአውሮፕላን ትኬት ከየት አምጥቶ ይግዛ? ደርሶስ ሆቴሉ ክሬዲት ካርድ ሲጠይቀው ምን ይስጥ?

ስለዚህ ደብዳቤውን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ላኩ። ስሙን ከፓስፖርቱ ኮፒ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ አታሳጥሩ። ትኬቱን ራሳችሁ ግዙ፤ ሆቴሉን ቀድማችሁ ክፈሉ። 90 ዩሮ የቪዛውንም አትርሱ። ቪዛ ከተከለከለ ጽሑፉን በኦንላይን ያቅርብ፤ ግን ከምሳ በኋላ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር በእኩል ሰዓት።

ደግሞ ኪጋሊ እናድርገው ስል «ይርቃል» ይሉኛል። ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው።