የሎትካ–ቮልቴራ ሞዴል ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን ስለ ተባይ ማጥፊያ በተነሳ ክርክር ላይ አንዱ አስተያየት ሰጪ አፉን ሞልቶ እንዲህ አለ፦ «አትጨነቁ! መድኃኒቱ ተባዩንም የተባዩን ጠላትም እኩል ይገድላል፤ ስለዚህ ሚዛኑ አይዛባም። ቢዛባም ተፈጥሮ ራሷ ትመልሰዋለች። የሎትካ–ቮልቴራ ሞዴል ያረጋገጠው ይህንኑ ነው።» ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ሞዴሉ የሚለው የሁለቱንም ተቃራኒ ነው።

ሞዴሉ ባጭሩ፦ አልፍሬድ ሎትካና ቪቶ ቮልቴራ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለየብቻቸው የደረሱባቸው፣ የአዳኝና የታዳኝ ቁጥር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጹ ሁለት ኢኩዌሽኖች (የሒሳብ ቀመሮች) ናቸው። ታዳኙ ብቻውን ከሆነ ይራባል። አዳኙ ብቻውን ከሆነ ያልቃል። ሲገናኙ አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል። በቃ።

መጀመሪያ «ትመልሰዋለች» የምትለዋን እንያት። ዥዋዥዌ አስቡ። ገመዱ ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠልበት መሃል አለ። ልጁ በዚያ ያልፋል እንጂ አይቆምበትም፤ እንዲያውም በጣም የሚፈጥነው እዚያ ሲደርስ ነው። በሞዴሉም ታዳኙ መሃል ላይ ሲደርስ አዳኙ ወይ ጣሪያ ነክቷል ወይ ወለል ላይ ነው። ደግሞ የዚህ ዥዋዥዌ ልዩ ጠባይ ሰበቃ የሌለው መሆኑ ነው። አንዴ ገፋ ካደረጋችሁት በአዲሱ ስፋት ሲወዛወዝ ይኖራል። ድርቅ መጥቶ ታዳኙን በግማሽ ቢቀንሰው፣ ወደ ድሮው ዑደት የሚመልስ ምንም ነገር በኢኩዌሽኖቹ ውስጥ የለም።

በእውነተኛው ዓለም ሰበቃ አለ። ታዳኙ ሲበዛ መኖ ያጥረዋል፤ ውዝዋዜውም ይረግባል። ከኋላ የሚገፋም አለ፦ የአዳኙ ጥጋብ። የጠገበ አንበሳ ዙሪያውን ሺህ ሚዳቋ ቢጨመርለት የሚበላው አይጨምርም፤ ስለዚህ ታዳኙ ያመልጠዋል፣ ውዝዋዜው ይሰፋል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ማይክል ሮዘንዝዌይግ በ1971 እንዳሳየው፣ ያን ጊዜ ለታዳኙ መኖ መጨመር ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ገመዱም ሊበጠስ ይችላል። ሶቪየታዊው የባዮሎጂ ባለሙያ ጋውዘ በ1930ዎቹ ሁለት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን አንድ ላይ ሲያረባ፣ አዳኙ ታዳኙን ሙልጭ አድርጎ በላና ራሱም በረሃብ አለቀ። ሞዴሉ ግን መበጠስ የሚባል ነገር አያውቅም። ኮምፒውተሩ «0.003 ቀበሮ» ብሎ ይቀጥላል፤ ከዚያች ሽራፊ ቀበሮም እንደገና ብዙ ቀበሮ ያስነሳል።

ሁሉም አውሬ በዚህ ሞዴል ይገባል ማለትም አይደለም። ጅቦቻችንን ውሰዱ። በከተማና በገጠር ዳር የሚኖር ጅብ የሚኖረው በቆሻሻና በቤት እንስሳ ነው። ትግራይ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ በዓብይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲቀንስ ከጅቦቹ ምግብ የአህያ ድርሻ ጨምሮ ተገኝቷል። ሁለቱ ኢኩዌሽኖች ውስጥ ጾም የት ይግባ?

ወደ «እኩል ይገድላል» እንምጣ። ዋናው ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ለማስረዳት ብቻ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች ተከተሉ። ታዳኙ (እዚህ ተባዩ ነው) በአንድ የጊዜ ክፍል በ0.6 ይራባል፤ እያንዳንዱ አዳኝ ከዚህ ላይ 0.02 ይቀንስበታል። አዳኙ (የተባዩ ጠላት) በ0.3 ይሞታል፤ እያንዳንዱ ታዳኝ 0.005 ይጨምርለታል። መሃሉ የት ነው? ታዳኝ 0.3 ÷ 0.005 = 60። አዳኝ 0.6 ÷ 0.02 = 30። ልብ በሉ፦ የታዳኙን ቁጥር የወሰነው የአዳኙ ሞት ነው፣ የራሱ ርቢ አይደለም።

አሁን ሁለቱንም በ0.1 የሚገድል መርዝ እንርጭ። የታዳኙ ርቢ ወደ 0.5 ይወርዳል፣ የአዳኙ ሞት ወደ 0.4 ይወጣል። ታዳኝ 80፣ አዳኝ 25። እኩል ረጨን፣ ተባዩ በዛ! ውዝዋዜ ቢኖርም የዑደቱ አማካይ እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው።

ቮልቴራ እዚህ የደረሰው ከዓሣ ተነስቶ ነው። የባዮሎጂ ባለሙያው ኡምቤርቶ ዳንኮና (የቮልቴራ አማች ነው) የአድሪያቲክ ባሕር ወደቦችን የዓሣ ገበያ መዝገብ ሲያገላብጥ ግራ ገባው። ፊዩሜ ላይ፣ ማለትም በዛሬዋ የክሮኤሺያ ወደብ ሪየካ፣ የሻርክና መሰል አዳኝ ዓሦች ድርሻ በ1914 11.9 በመቶ ነበር። በ1918 36.4 በመቶ ደረሰ። በ1923 ወደ 10.7 ወረደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓሣ ማስገር ቀንሶ ነበር። ማስገር ማለት ሁለቱንም መግደል ነው፤ ሲቀንስ የሚጠቀመው አዳኙ ነው። (መዝገቡ የሚያሳየው ገበያ የቀረበውን ድርሻ እንጂ ባሕር ውስጥ ያለውን ቁጥር አይደለም። ይህን ሳልል ካለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።)

ለተባይ ደግሞ ካሊፎርኒያ አለች። ጥጥ የመሰለ ነገር ተሸክሞ የብርቱካን ዛፍ ጭማቂ የሚመጥ ተባይ እርሻውን ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። በ1888 እና 1889 ቬዳሊያ የተባለች ጥንዚዛ ከአውስትራሊያ አስመጥተው ለቀቁበትና ልኩን አሳየችው። በ1940ዎቹ ዲዲቲ ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀች፤ ተባዩ እንደገና ጎረፈ። እዚያ መርዙ ጥንዚዛዋን አብዝቶ ስለጎዳ ጉዳዩ ከኔ ስሌት የከፋ ነው፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

አስተያየት ሰጪው «አብዝቼ ብረጭስ?» ይለኝ ይሆናል። በኔ ቁጥሮች ርጭቱ ከ0.6 ካለፈ አዎ፣ ተባዩም ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ግን መርዙን በጨመረ ቁጥር የተባዩ አማካይ ይጨምራል። አዳኙም ከተባዩ ቀድሞ ይጠፋል።