ኦክቴን ቁጥር ምንድን ነው?

ነዳጅ ማደያ ላይ 91፣ 95 ወይም 98 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የቤንዚኑን ጉልበት አይለካም። አንድ ሊትር ባለ 98 ቤንዚን ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ከባለ 91ዱ የሚለየው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ኦክቴን ቁጥር የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ቤንዚኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲታመቅ፣ በራሱ ጊዜ ሳይቀጣጠል ምን ያህል ግፊትና ሙቀት እንደሚችል።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየሩንና ነዳጁን ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ያምቀዋል። የታመቀ ጋዝ ይግላል። ከዚያ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይተኩስና እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይስፋፋል። ችግር የሚመጣው እሳቱ ገና ያልደረሰበት፣ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ ላይ ነው። ወደ እሱ የሚገሠግሠው እሳት ስለሚጫነው ይበልጥ ይታመቃል፣ ይበልጥ ይግላል። ካልቻለ ተራውን ሳይጠብቅ ባንዴ ይፈነዳል። ከውጭ የሚሰማው በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ነው፤ መካኒኮች ሞተሩ ያንኳኳል የሚሉት ይህንን ነው።

ድምፁን ንቆ መንዳት ዋጋ ያስከፍላል። የፒስተኑን ራስ ከእሳቱ የሚከልል ስስ የጋዝ ሽፋን አለ፤ ፍንዳታው የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ ይገፈዋል። እሳቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፣ ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ 600 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ለረጅም ጊዜ ሲያንኳኳ የቆየ ሞተር ሲፈታ የፒስተኑ ጠርዝ ተበልቶ፣ የቀለበቶቹ መቀመጫ ተሰብሮ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያው በሁለት ንጹሕ ሃይድሮካርቦኖች (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ውሕዶች) ላይ የቆመ ነው። 7 ካርቦኖች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ኖርማል ሄፕቴን ቶሎ ስለሚያንኳኳ 0 ተሰጠው፤ 8 ካርቦኖች ያሉት፣ ቅርንጫፍ የበዛበት አይሶኦክቴን ደግሞ 100። አንድ ቤንዚን 95 ነው ሲባል፣ የመጠቅጠቅ ልኩ በሚቀያየር ባለ አንድ ሲሊንደር መፈተኛ ሞተር ላይ 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን እንዳለበት ድብልቅ አንኳኳ ማለት ነው። በርሜሉ ውስጥ 95 በመቶ ኦክቴን አለ ማለት አይደለም።

የሚያስደንቀው የቅርጽ ጉዳይ ነው። ኖርማል ኦክቴንና አይሶኦክቴን ሁለቱም 8 ካርቦንና 18 ሃይድሮጅን አላቸው፤ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ግን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በረጅሙ ሰንሰለት መካከል ያሉት ሃይድሮጅኖች በቀላሉ ስለሚነጠቁ ኦክስጅን በዚያ ገብቶ የቃጠሎውን ሰንሰለት ገና በእመቃው ወቅት ይጀምረዋል። ቅርንጫፍ ያለው ሞለኪውል አብዛኞቹ ሃይድሮጅኖቹ ጫፍ ላይ ናቸው፤ እነሱን መንጠቅ ይከብዳል። ከድፍድፍ ነዳጅ በማጣራት ብቻ የሚወጣው ቀላል ክፍልፋይ ቀጥ ያሉ ሞለኪውሎች ስለሚበዙበት ለዛሬ መኪና አይበቃም። ስለዚህ ማጣሪያዎች 500 ዲግሪ አካባቢ በፕላቲኒየም ላይ ያሳልፉትና ሞለኪውሎቹን እንደ ቅርንጫፋሞቹ ማንኳኳትን ወደሚቋቋም የቀለበት ቅርጽ ይቀይሯቸዋል። ናፍጣ የሚፈለገው በተቃራኒው ነው፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ነዳጁ በራሱ ቶሎ እንዲቀጣጠል ይጠበቃል። ቤንዚን ላይ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ሲጨመር ሞተሩ ዳገት ላይ የሚያንኳኳውም ለዚህ ነው።

ከአገር አገር ሲሄዱ ቁጥሩን እንዳለ አያወዳድሩ። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በኢምሬትስ ማደያ ላይ የሚጻፈው መፈተኛ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ እየዞረ የሚለካው ነው። በ900 ዙርና በጋለ ድብልቅ የሚለካ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ 8 ወይም 10 ያህል ዝቅ ይላል። አሜሪካ የምትጽፈው የሁለቱን አማካይ ነው። የአሜሪካው 87 በአውሮፓ አቆጣጠር 91 ወይም 92 አካባቢ ይሆናል እንጂ የወረደ ቤንዚን አይደለም።

ከፍታም ልዩነት ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ያንሳል፣ የሚፈልገው ኦክቴንም ይቀንሳል። በአሜሪካ የሮኪ ተራራማ ግዛቶች 85 የሚሸጠው በዚሁ ስሌት ነው። መዲናዋ ላይ ጸጥ ያለ አሮጌ ካርቡሬተር መኪና ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ማንኳኳት ከጀመረ፣ ያኔ ማርሽ መቀነስና ነዳጅ መርገጫውን ማላላት፣ ጋራዥ ሲደርስም ካንዴላው ትንሽ ዘግይቶ እንዲተኩስ ማስተካከል ያሻል። አዲሶቹ መኪኖች ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ ሴንሰር ስላላቸው ይህን ራሳቸው ያደርጉታል፤ ኃይል ቀንሶ፣ ፍጆታ ጨምሮ። የመኪናው መመሪያ 91 ካለ ግን 98 መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኦክቴንን በርካሽ ለማሳደግ እ.ኤ.አ. በ1921 የተገኘው ዘዴ የእርሳስ ውሕድ መጨመር ነበር። የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በዓለም ጎዳናዎች ላይ የተነዛው በዚህ መንገድ ነው፤ የመጨረሻዋ ተጠቃሚ አልጄሪያ እስክታቆም ድረስ፣ እስከ 2021፣ 100 ዓመት ፈጀ። ዛሬ ከተሻሉት አማራጮች አንዱ ኤታኖል የተባለው አልኮል ነው፤ ቁጥሩ 108 አካባቢ ይደርሳል። አገራችንም ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተጠመቀውን ከቤንዚን ጋር ቀላቅላ ሸጣለች። በሊትር የሚሰጠው ሙቀት ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ነዳጅ ፍጆታን 3 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ዋናው ጠላቱ ውኃ ነው። ድብልቁ ውስጥ የገባው ውኃ ከግማሽ በመቶ ካለፈ ኤታኖሉ ከውኃው ጋር ወደ ታንከሩ ሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ቤንዚን ኦክቴኑን ያጣል፣ ሥር ያለውን የሚስበው ፓምፕ ደግሞ ውኃና አልኮል ወደ ሞተሩ ይልካል። ለወራት የሚቆም መኪና ታንከሩ ሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ መቆም ያለበት ለዚህ ነው፤ ባዶው ቦታ ሲሰፋ ሌሊት ሌሊት የሚጤዘው ውኃ ይበዛል።